የእንቁላል አዋጅ በይጁቤ ገበያ

ስለ ሆዳችን የማይመክረን ማን አለ? ተማሪ ሳለሁ ምግብ ሦስት ነው ተባልን፤ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ። ሦስቱን በቅጡ ሳልሸመድድ ትምህርቱን ተውኩት፤ ምክሩ ግን አልተወኝም። አሁን ደግሞ ምግቡ በዝቶ፣ በሥዕል ተከፋፍሎ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጥፏል። የእንቁላል አስኳል ደም ሥር ይደፍናል የተባለበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ለልጅ የሚተካከለው የለም። የረጋ ዘይት ተሰልፈን ስንገዛ ኖረን፣ ጎጂ ነው ሲሉን ሰልፉን ለፈሳሹ አዞርነው። ዶሮ ብቻ ይህን ሁሉ ሹም ሽር ሳትሰማ እንቁላሏን ትጥላለች።

ባለፈው ጳጉሜን እኔም መካሪ ሆንኩላችሁ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ተሳፋሪ ስጠራ ድምፄን የወደደች አንዲት የጤና ባለሙያ ለአንድ ቀን ቀጠረችኝ። ሥራው ባጃጅ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክ ይዞ፣ በይጁቤ ገበያ አዲሱን የአመጋገብ ምክር መለፈፍ ነው። የተሰጠኝ ቃል አጭር ነበር፤ ለልጆቻችሁ እንቁላል ስጡ። አንድ ሽማግሌ በረቡዕ ምድር ስለ እንቁላል ይለፈፋል ወይ ብለው ቢያጉረመርሙ፣ ሕፃን አይጾምም አባባ አልኳቸውና ሰዉ ሳቀልኝ። ሳቅ ደግሞ ያሰክራል። መናኸሪያ ያሳደገው አፍ በተሰጠው ቃል ብቻ ይረካል?

«እንቁላል የሚሸጥ የልጁን አእምሮ ሸጠ!» አልኩ።

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይሄኔ ነው። ባጃጁ ወደ እንቁላል ተራ ሲታጠፍ ቅርጫቷን ታቅፋ የተቀመጠችው እናቴ ናት። እሷ የምትሸጠው አምበር ገበያ ነበር፤ ለዘመን መለወጫ ይጁቤ ዋጋው ይሻላል ብላ እንደመጣች በምን ልወቅ? መስከረም ሲጠባ እህቴ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ደብተሯና ዩኒፎርሟ ያለው እዚያ ቅርጫት ውስጥ ነው። እናቴን በዋጋ ሲከራከራት የነበረው ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ እጁን ሰብስቦ፣ «እኔስ የሰው ልጅ አእምሮ አልገዛም እትዬ» አለ፣ እየሳቀ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ግዛ ጋሼ፣ አትፍራ። የልጄን አእምሮ ከሸጥኩት ቆየሁ፤ ይኸው ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባጃጁንም ጨምራ በወሰደችልኝ። እኔን ሰባተኛ ክፍል ድረስ ያስተማረኝ ያው ቅርጫት ነው፤ እቤታችን ዶሮ ሞልቶ እንቁላል የምቀምሰው ለፋሲካ ነበር። የቀረውም ደብተር ሆነ፣ ደብተሩም የትም ቀረ። ባለሙያዋ ግን እናቴ መሆኗን ከየት ታውቃለች? ሰዉ ወዶታል፣ ያችን የአእምሮ ነገር ድገማት ትለኛለች ከኋላዬ ተቀምጣ። ማይኩ እጄ ላይ ከበደኝ።

ጋሽ ሰይድ ደግ ሰው ነው፤ ሳቁን ሲጨርስ እንቁላሉን ጠቅልሎ ገዛት። እናቴ አንዲት እንቁላል አስቀርታ ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ ባጃጁ መጣች። እሰደባለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን እንቁላሏን መዳፌ ላይ አኖረች።

«እንካ፣ የኔ መካሪ። ለልጅ ስጡ አላልክም?»

ብላኝ ሄደች። ገበያው በሙሉ ምን እንደማደርጋት ያየኛል። እንዳልበላት ረቡዕ ነው። እንዳልሸጣት ራሴ በማይክ ከልክያለሁ።