በአራት «ኖ ታንክ ዩ» ያመለጠኝ ፒራሚድ

ሰዎች፣ ሻንጣዬን ፈትቼዋለሁ። አልሄድም!

አዎ፣ ያ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ፎቶ እየለጠፍኩ ያሰለቸኋችሁ ጉዞ። የማያ ፒራሚድ፣ ጫካው፣ ዛፍ ላይ ሆነው የሚጮኹት ጦጣዎች። ሁሉም ቀረ።

የከለከለኝ ሰው የለም። አልታመምኩም። ፓስፖርቴም አልጠፋም።

«አልሄድም» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። በጨዋነት!

አዲስ ለገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እኔ አሜሪካ፣ ሬንተን የምትባል ከተማ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። አራት ቀን ኦበርን መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። ሁለት ቀን ደግሞ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት አጸዳለሁ፣ አጫውታቸዋለሁም። ማጫወት እንኳ አልችልም፤ እሳቸው ይጫወታሉ፣ እኔ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

ስማቸው ማጊ ነው። «በስሜ ጥሪኝ» አሉኝ። አፌ እንዴት እሺ ይበለኝ? ሰማንያ ሊሞላቸው ነው እኮ! ስለዚህ «እማማ ማጊ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ወደዱት። አሁን ስልክ ሲያነሱ ለማንም ሰው «እማማ ማጊ ስፒኪንግ» ነው የሚሉት።

እማማ ማጊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ሲገባ ጓቲማላ ይሄዳሉ። እዚያ ጫካ መሃል የጥንት ማያዎች የሠሩት የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ አለ። ከፍርስራሹ አጠገብ ባለች መንደር ቤት አላቸው። እንደ እሳቸው ያሉ ጡረተኛ አሜሪካኖችም ሞልተዋል። ጠዋት ፍርስራሽ ያያሉ፣ ከሰዓት ካርታ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ስለ አውራ ዶሮዎቹ ጩኸት ያማርራሉ። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው!

ዘንድሮ ግን የእማማ ማጊ ጉልበት እምቢ አለ። «አንድ ሰው አብሮኝ መሄድ አለበት» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ሦስት ወር። ከነደሞዙ። ያለ ካርቶን!

ከዚያ ደረጃ ያስወጡኝ ጀመር።

የፒራሚዱ ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው አሉ። ሰው በጎን በጎኑ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በመጣሁ ቁጥር ሰፈራቸው ያለውን ረጅም የሲሚንቶ ደረጃ በጎን እወጣለሁ፣ በጎን እወርዳለሁ። በዝናብ! እሳቸው ታች ጃንጥላ ይዘው ያጨበጭባሉ። የሚሮጡ ሰዎች ቀጥ ብለው ያልፉኛል፤ ካለፉ በኋላ ዞረው ያዩኛል።

እስቲ ፍረዱ። ሰው እንዲህ አድርጎ ካሠለጠናችሁ ተጋብዛችኋል ማለት አይደለም? እኔም ተጋብዣለሁ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

ስህተት!

እናቴ ለእትዬ ብዙነሽ ነገረች። እትዬ ብዙነሽ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለእሳቸው መንገር ማለት ለሬንተን በሙሉ መንገር ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሳሎናችን የካርጎ ቢሮ መሰለ። ራሳቸው እትዬ ብዙነሽ በርበሬ በትልቅ ፌስታል ጠቅጥቀው መጡ።

«ይቺን ለወንድሜ ልጅ ታደርሺልኛለሽ።»

«ጓቲማላ ነው እንዴ ያለው፣ እትዬ?»

«እዚያው አካባቢ ነው።»

«የት አካባቢ?»

«ብራዚል።»

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ግን ካርታ አይቻለሁ! ብራዚል እዚያው አካባቢ አይደለም! ይህን ለእትዬ ብዙነሽ በአፌ መናገር ግን ከየት ይምጣ? «እሺ» ብዬ ተቀበልኳቸው።

እንደምታውቁት ዓይን አፋር ነኝ። በጣቴ እንጂ በአፌ አልችልም። ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ሁሉ ጥሎኝ ይጠፋል። እዚህ ላይ የምታስቃችሁ ልጅና በአካል የምታገኟት ልጅ ተዋውቀው አያውቁም።

ሶ፣ ዛሬ።

ዛሬ እማማ ማጊ የስንብት ምሳ አዘጋጁ። ዘጠኝ እንግዶች ተጠሩ፣ ሁሉም ከዚያች መንደር የሚያውቋቸው ጡረተኞች። ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ምግቡን የሠራችው ፔትሮና ናት።

ፔትሮና የጓቲማላ ሴት ናት። እንደ እኔ ዝምተኛ ናት። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር አንድ ሙሉ ሰው አይወጣውም፤ ግን እንግባባለን። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «ቋንቋሽ ስፓኒሽ ነው?» ብላት «ኖ። ማያ» አለችኝ። ደነገጥኩ! ማያ ማለት ድሮ ጠፍቶ ያለቀ ሕዝብ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ሰዎቹ አሉ! መንደሩም፣ ቋንቋውም፣ ሁሉም አለ። እናቷ እዚያ ተራራ ላይ ናቸው። ካየቻቸው ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ወረቀቷ የተስተካከለላት ገና አሁን ነው።

ከምሳ በፊት አንድ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ስላይድ አሳየ። ፒራሚድ። ደግሞ ፒራሚድ። ፒራሚዱ ፊት የቆመ ሰውዬው ራሱ።

«ትልቁ ምስጢር ይህ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማያዎች የት ገቡ?»

ፔትሮና ከጎኑ ቆማ ሰላጣ እያቀረበችለት ነበር።

«ታንክ ዩ» ብሏት ሳህኑን ተቀበለና ቀጠለ። «ማንም አያውቅም!»

ፔትሮና እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሳቄን የዋጥኩበት ጉሮሮዬ እስካሁን ያመኛል።

ምሳ ሲያልቅ እማማ ማጊ ብርጭቋቸውን በማንኪያ መቱ። ቦርሳዬ ውስጥ ኮፍያዬ አለ፤ ለፒራሚዱ ፀሐይ የገዛሁት ሰፊ የገለባ ኮፍያ። ሲጋብዙኝ አውጥቼ ላጠልቀው፣ ፎቶም ላነሳላችሁ ተዘጋጅቻለሁ።

«የኔ ማር» አሉኝ፣ «ከእኔ ጋር ጓቲማላ ትመጫለሽ?»

ዘጠኝ ሰው ዞሮ አየኝ።

አሁን እዚህ ጋ እውነቱን ንገሩኝ። ሰው ሲጋብዛችሁ በመጀመሪያው «እሺ!» ብሎ ዘሎ የሚነሳ ማን ነው? እኛ ቤት እንዲህ አይደለም ያደግነው! ሰው ቤት «ብዪ» ስትባዪ፣ አንጀትሽ ታጥፎም ቢሆን «በልቻለሁ» ነው መልሱ። ይደግሙታል፤ «ኧረ በቃኝ» ትያለሽ። ሦስተኛ ላይ «በሞቴ!» ሲመጣ ያኔ እጅሽን ልትታጠቢ ትነሺያለሽ።

ሶ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ፦ «ኖ ታንክ ዩ።»

አንድ።

እማማ ማጊ ፊታቸው ጥቁር አለ። «አር ዩ ሹር?»

በሆዴ እልል አልኩ! ሁለተኛው መጣ! «ኖ፣ ኖ ታንክ ዩ።»

ሁለት።

አሁን «በሞቴ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። አንድ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ኮፍያውን ይዟል።

«ኦኬ» አሉ። «ውሳኔሽን አከብራለሁ።»

በቃ!

በዚህ አገር «በሞቴ» የሚል ሰው የለም! ለዚህ አገር ሰው የአንቺ «ኖ» እውነት ነው!

ይባስ ብለው እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ። አንዲት ሴትዮ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ መጥተው አቀፉኝ። «እኔ "ኖ" ማለት ለመማር ስንት ዓመት ቴራፒስት ጋ ተመላልሻለሁ! አንቺ ግን ገና በልጅነትሽ!»

ስድስተኛ ክፍል አንደኛ ስወጣ እንኳ እንዲህ አልተጨበጨበልኝም።

እማማ ማጊ ወደ ፔትሮና ዞሩ። «አንቺስ፣ ፔትሮና?»

ፔትሮና ትሪውን እንደያዘች መሬት መሬቱን አየች። አስተያየቷን ወዲያው አወቅኩት። የእኔው አስተያየት ነው!

«ኖ» አለች፣ በአገጯ እኔን እያሳየች። «ሺ ጎ።»

እናቷን ስድስት ዓመት ያላየች ሴት! እንዴት ዝም እላለሁ? «ኖ! ሺ ጎ!»

«ኖ፣ ኖ፣ ሺ ጎ።»

«ፕሊስ! ሺ ጎ!»

በር ላይ «አንቺ ቅደሚ፣ ኧረ አንቺ ቅደሚ» እየተባባሉ መንገድ እንደሚዘጉ ሴቶች ሆንን። እንግዶቹ አንገታቸውን አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኔ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። ኬቨን ነው፤ የእማማ ማጊን ውሻ በየቀኑ ወጣ የሚያደርገው ጎረቤት። የመጣው የውሻውን ገመድ ሊወስድ ነበር።

«እነዚህ ሁለቱ አይፈልጉም» አሉ እማማ ማጊ ተስፋ ቆርጠው። «ከእኔ ጋር ጓቲማላ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጠፋ?»

«ሹር!» አለ ኬቨን።

እንዲህ ነው ያለው! ጫማውን እንኳ ገና አልጠረገም! ቀጥሎ የጠየቀው ምን መሰላችሁ? «በመኪና ነው የምንሄደው?»

ኪችን ገባሁና ፍሪጁ ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። «አይ ቼንጅ ማይ ማይንድ። አይ ቼንጅ ማይ ማይንድ።» ሰባት ጊዜ። ፍሪጁ አምኖኛል። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

እማማ ማጊ የኬቨንን ስም በስልክ ለትኬት ቆራጮቹ ፊደል በፊደል እየነገሩ ነው። ሲያዩኝ ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት። «የፈለግሽው ነገር አለ፣ የኔ ማር?»

«ኖ ታንክ ዩ።»

ሦስት።

«ምንም?»

«ኖ ታንክ ዩ።»

አራት! ኧረ የዚህች ልጅ አፍ!

ከዚያ እኔና ፔትሮና ዝናብ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ቆምን።

«ዩ ዎንት ጎ?» አለችኝ።

«የስ!»

«ዋይ ዩ ሴይ ኖ?»

«አንቺስ? ዋይ?»

ሦስት ጣቶቿን አወጣች። እያጠፈች ቆጠረችልኝ። «ማይ ቪሌጅ። ኖ። ኖ። የስ።»

እነሱም ጋ ሦስት ነው! እስቲ አስቡት! ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ፣ ያን ሁሉ ጫካ አልፎ፣ የፒራሚድ ሠሪዎቹ የልጅ ልጆች ልክ እንደ እናቴ ሦስተኛውን ነው የሚጠብቁት! ተደጋግፈን ሳቅን። አጠገባችን የነበረ ሰው ፈቀቅ አለ።

ሳቁ ሲበርድልን ፔትሮና ከቦርሳዋ በቅጠል የተጠቀለለ ታማሌ አወጣች። የበቆሎ ሊጥ ነው፣ መሃሉ ባቄላ ያለበት፣ ገና ትኩስ። «ዎንት?» አለችኝ።

ዛሬ ትምህርቴን ተምሬያለሁ አይደል? ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ «የስ!» አልኳት። በሦስት ጉርሻ ጨረስኩት።

ቀና ስል ፔትሮና ባዶውን ቅጠል እያየች ነው።

ምሳዋ ነበር። ሰው ስታስተናግድ ውላ ያልበላችው ምሳዋ። ያላትም እሱው ብቻ!

መሬት ሆይ፣ ምናለ አሁን ብትከፈቺ!

አፍሬ ስልኬን አወጣሁ። በአፌ ባልችል በጣቴ እችላለሁ፤ ለራሴ ባልደፍር ለሰው እደፍራለሁ። ለእማማ ማጊ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «ፔትሮና ኖ ያለችው አፍራ ነው። እናቷን ስድስት ዓመት አላየችም። እባክዎ ደግመው ይጠይቋት።» ስፔሊንጉን አትጠይቁኝ።

ፔትሮና አየችኝና እሷም ስለ እኔ ልትጽፍላቸው ስልኳን አወጣች። የምትጽፈው በአንድ ጣት ነው። አንድ ፊደል፣ እረፍት። አንድ ፊደል፣ እረፍት። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርን፣ ተቀመጥን፤ ገና ስሜ ላይ ናት።

ስልኳ ጮኸ። እማማ ማጊ ኮል አደረጉላት። ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ፔትሮና፣ ከእኔ ጋር መምጣት ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ፣ ኖ» አለች ፔትሮና።

ኧረ በፈጠራት!

«አር ዩ ሹር?»

«ኖ ፕሮብሌም። አይ ስቴይ።»

ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። እኔ! አውቶቡስ ላይ መውረጃዬ ደርሶ የማስቆሚያውን ገመድ መሳብ አፍሬ አልፌ የምወርደው ልጅ! ብድግ ብዬ ጮህኩ፦

«እማማ ማጊ! ዋን ሞር! አስክ ዋን ሞር!»

አውቶቡሱ በሙሉ ዞረ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ፔትሮና?» አሉ እማማ ማጊ ግራ ተጋብተው። «ትመጫለሽ?»

«የስ» አለች። ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ ምኑም ሳይገባው አጨበጨበ። በአንድ ቀን ሁለተኛ ጭብጨባዬ!

ወዲያው ለእኔ ቴክስት ገባ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ! ለፔትሮና ትኬት እቆርጣለሁ፣ ኬቨን ሻንጣ ይሸከምልናል። አሁን የቸገረኝ ውሻው ነው። አንቺ መጓዝ ስለማትፈልጊ ሦስቱን ወር ወጣ ታደርጊልኛለሽ?»

ልክ በዚህች ደቂቃ ፔትሮና ስለ እኔ የምትጽፈውን ጨርሳ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣላት። «ልብሽ ደግ ነው፣ ፔትሮና። ግን እሷ አራት ጊዜ ኖ ብላኛለች። ውሳኔዋን አከብራለሁ።»

ውሻው ጥጃ ያህላል። እኔ ደግሞ ውሻ ሳይ መንገድ የምቀይር ሰው ነኝ።

ምን ብዬ መለስኩ? በመጀመሪያው ጥያቄ! ሳላስበው! «የስ!»

ፔትሮና ልትወርድ ስትል ኮፍያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«ኖ» አለች።

«ፕሊስ።»

«ኖ፣ ኖ።»

«በሞቴ!» አልኳት በአማርኛ።

ወሰደችው። እዚያው አጠለቀችውና በዝናቡ ወረደች። ሰዎች፣ እንዴት እንዳማረባት! ያሰብኩትን ፎቶ አላነሳሁም፤ ዓይኔ እንባ ነበር።

እትዬ ብዙነሽ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ በርበሬዎ ሳሎናችን ነው፤ ብራዚል አልደረሰም። ሌሎቻችሁም ዕቃችሁን ኑና ውሰዱ። እናቴን ግን ምንም አትጠይቋት፤ ተኮሳትራለች።

እናንተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ያ ጥጃ የሚያህል ውሻ ገመዱን በአፉ ይዞ በር ላይ ሲጠብቀኝ፣ ስንት ጊዜ «ኖ ታንክ ዩ» ስለው ነው ውሳኔዬን የሚያከብርልኝ?