የዶክተር እምሩ መልእክተኞች

ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። ራስ ምታትዎን ገና ለሚስትዎ ሳይነግሩ እሱ ምክንያቱን ይነግርዎታል። የፒያሳው ክቡር ዶክተር እምሩ ግን ከሁሉም የባሱ ነበሩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ዶክተርነቱን የሰጣቸው በየካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣው የመድኃኒት ወረቀት ነው።

በ1963 ዓ.ም. ክቡርነታቸው እጅ ስለ አንጎል የሚያትት አንድ መጽሔት ገባ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ጠፋ። ሰው ቢቆጣ፣ ቢያፈቅር፣ ቁልፍ ቢጠፋበት፣ "ጥፋቱ የአንጎሉ መልእክተኛ ነው" ይላሉ።

ከሁሉ የተማረረው ልብስ ሰፊው አባይነህ ነበር። ሱቁ ከመድኃኒት ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ማምለጫ አልነበረውም።

"ጋሽ አባይነህ፣ አንጎል ማለት ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው" ይሉታል በሩ ላይ ቆመው። "ቤቶቹ የቱንም ያህል ቢጠጋጉ አይነካኩም። በመሃል ቀጭን መተላለፊያ አለች። ወሬው ከአንዱ ቤት ጫፍ ሲደርስ መልእክተኛ ይወጣል፣ ይሻገራል፣ የወዲያኛውን በር ያንኳኳል። አንዱ 'ተነስና ሥራ' ይላል፤ ሌላው 'አርፈህ ተቀመጥ' ይላል።"

"አንተን አርፈህ ተቀመጥ የሚልህስ የት ሄደ?" ይላል አባይነህ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

በዚያው ዓመት የአባይነህ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፒያሳ ለመፍረድ አልዘገየችም፤ ሰውየው ውቤ በረሃ ሲጠጣ ያመሻል ተባለ። አባይነህ በዕድሜው ከበዓል ጠላ በቀር የቀመሰው የለም። ቢሆንም ደንበኞች አንድ በአንድ ጨርቃቸውን እየመለሱ ወሰዱ። በመጨረሻም የዕድሩ ዳኛ አቶ ካሣሁን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቁ ድረስ መጡ። እሑድ የነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ መጠጥ እንዲተው ይምል ዘንድ ወስነው ነበር።

"ያልጠጣሁትን ተውኩ ብዬ ልማል?" አለ አባይነህ።

"ካልጠጣህማ መማሉ ምን ያስፈራሃል?" አሉ አቶ ካሣሁን።

ቢምል ሰካራምነቱን ማመኑ ነው፤ እምቢ ቢል ደግሞ ጨርቁን አምኖ የሚሰጠው ሰው አይኖርም።

ይህን ጊዜ ዶክተር እምሩ እንደ ልማዳቸው ሳይጠሩ ገቡ። የአባይነህን እጅ አተኩረው አዩ።

"እስቲ ጭንዎ ላይ ያሳርፉት፣ ጋሽ አባይነህ።"

አሳረፈ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ክር እንደሚያሾል ሰው ይፋተጉ ጀመር።

"አሁን መርፌ ያንሱ።"

አነሳ። መንቀጥቀጡ ጋብ አለ። መርፌው ጨርቁን ወግቶ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ሥራ ሲያይ የሚያፍር ምን ዓይነት መጠጥ ነው?" አሉ ዶክተር እምሩ። "ይህ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነው። ዶፓሚን የሚባለው መልእክተኛ አንሶበት ነው።"

አቶ ካሣሁን ኮፍያቸውን አነሱ። "እንግዲያው መሐላው ይቅር፤ ሐኪም ቤት ይሂድ" አሉ።

ሐኪም ቤትም ይኸው ተረጋገጠ። አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደዚያ መልእክተኛ የሚለወጥ አዲስ መድኃኒት ከውጭ መጣለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጁ ረገበ፣ ጨርቁም ተመለሰ። አባይነህ ግን አንድ አመል አወጣ። በየጠዋቱ ኪኒኑን ውጦ እጁን ፊቱ ይዘረጋና አሁን የትኛው በር እየተንኳኳ ይሆን እያለ ይጠብቃል። ከዶክተር እምሩ ይሸሽ የነበረው ሰው ራሱ ጠያቂ ሆነ።

በሌላ ቀጠሮው ሐኪሙ እውነቱን ነገረው። መድኃኒቱ ያግዛል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ያንን መልእክተኛ የሚልኩት ሕዋሶች አንድ በአንድ እየሞቱ ነው፤ ከዓመታት በኋላ መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል።

ሱቁ ገብቶ ተቀመጠ። ዶክተር እምሩ መጡና ስለ እንቅልፍ መልእክተኞች ማስረዳት ጀመሩ።

"እምሩ" አላቸው፣ "የኔ ነገር ወደፊት እንዴት እንደሚሆን መጽሔቱ አይልም?"

ዶክተር እምሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ያ ገጽ ተቀዶ ነበር" አሉ።

አባይነህ መጽሔቱን ያውቀዋል። እንደ ዳዊት በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ፣ ጠርዙ እንኳ ያልታጠፈ ነው። አፉ ምንም የማይቋጥረው ይህ ሰው፣ ይህችን አንዲት ነገር ሲቋጥር ከርሟል። በዚያች ሰዓት አባይነህ ከወንድሙ አብልጦ ወደደው።

በርጩማውን በእግሩ ገፋ አደረገለት።

"በል ተቀመጥ" አለው። "ስለ እንቅልፉ ጀምረህልኝ ነበር።"