ሦስት ሹራብ ለአንድ ልጅ

ሚስቴ እንዳትሰማኝ እንጂ፣ ዋናው ምጥ የሚጀምረው ልጅ ከተወለደ በኋላ፣ ፊደል የሚቆጥርበት ዕድሜ ሲደርስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ወላጆች ከተገናኙ ከብርዱ ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ «የአንተ ልጅ የት ነው የምትማረው?» ነው። መልሳችሁን ሰምቶ ዝም ካለ አለቀላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰሉ ትከርማላችሁ።

እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲለኝ አልችልም። ልጄን ማህሌትን መጀመሪያ ያስገባኋት ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዝም አለ፤ አስወጣኋት። ሁለተኛው እንግሊዝኛ ይንበለበልበታል ተብሎ ነበር፤ ከዘበኛው በቀር የሚያንበለብል አላገኘሁበትም። ሦስተኛው፣ እውነት ለመናገር፣ እንከን አይወጣለትም። ግን የሚሻል ሌላ ተከፈተ ሲሉ ሰማሁና መቀመጫ አጣሁ። ባለቤቴ የአንኮበር ልጅ ናት፣ ተረት አያልቅባትም። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ብላ ተወችኝ። እኔ ምን ጆሮ አለኝ!

ከየትምህርት ቤቱ የተረፈን ሹራብ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። የከተማችንን ጠዋት ታውቁት የለ፤ ማህሌት ሦስቱንም ደራርባ አዲሱ ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሳስቆጥራት ነበር። ርዕሰ መምህሯ ግን ስለ ቁጥር ትንፍሽ አላሉም።

«እስኪ የኔ ቆንጆ፣ እዚያኛው ትምህርት ቤት ጓደኛሽ ማን ትባላለች?» አሏት።

ማህሌት ቀና ብላ አየችኝ። «አብራኝ የምትቀመጥ አለች፤ ዳቦዋን ታካፍለኛለች። ስሟን ግን አልያዝኩትም።»

«ለምን?»

«አባዬ ያስወጣኛላ።»

ርዕሰ መምህሯ ዝም አሉ። ስንት ዝምታ አሳልፌያለሁ፣ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም።  የመመዝገቢያውን ነገር ሳላነሳ እጇን ይዤ ወጣሁና፣ አረንጓዴውን ሹራብ ከላይ አድርጌላት ወደ ሦስተኛው መለስኳት።

ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሐያት ትባላለች» አለችኝ፤ ሌላ ሰላምታ የለም። አባቷ አሊዩ አምባ ገበያ ይነግዳል አሉ።

መንገድ ላይ ያ ባልደረባዬ አገኘንና እንደ ልማዱ የት እንደምትማር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም አለ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ከነከነኝ። እዚያው ቆሜ ስብሰለሰል ማህሌት እጄን ሳብ አደረገችኝ።

«አባዬ፣ የአባቷንም ስም ልያዝ?»

«የአያቷንም ያዢ» አልኳት።