ታጥቦ የተመለሰው ማስረጃ

የሁለት አገር ፖሊሶች ተባበሩ ሲባል ምን ይታያችኋል? እኔን ማኅተም ያረፈበት ወረቀትና ባሕር ተሻግሮ እንኳ መድረሻ የሚያጣ ሌባ ይታየኝ ነበር። አልተሳሳትኩም። ብቻ ነገሩ በእኛ ሰፈር ሲያልፍ ምን እንደሚገጥመው ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። የእኛና የውጭ አገር ፖሊሶች ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ትብብር ይመካከራሉ፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። በሻይ ሰዓት የዋናው እንግዳ የቆዳ ቦርሳ ከነፓስፖርቱና ከነካሜራው ከአዳራሹ ደጃፍ ጠፋ። አዳራሽ ሙሉ ፖሊስ እያለ!

ጣጣው የተረፈው ለጥበቃው ለጋሽ ተሰማ ነው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን «ቦርሳው በር ላይ እርስዎ ቆመው ነው የጠፋው፤ የወሰደው ካልታወቀ ከነገ ወዲያ እንዳይመጡ» አላቸው። አንጀቴን በሉት።

የቦርሳው ባለቤት፣ እንግዳው መኮንን፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ቦርሳው ሲገኝ ማንም እንዳይነካው፤ አሻራው ሁሉን ይነግረናል» አለ። ይህን ስተረጉምላቸው ጋሽ ተሰማ ፊታቸው በራ።

«በቃ፣ የኔን ውሰዱ! እጄ ነክቶት እንደሆነ ይታያላ!» ብለው ዐሥሩንም ጣታቸውን ዘረጉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ቀለም ተነከሩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሆቴሉ ጀርባ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ቦርሳውን አንጠልጥለው ከች አሉ። በአጥራቸው ሥር ካለው ቦይ ውስጥ ወድቆ አግኝተውት ነው። መርማሪዎቹ ጓንታቸውን አጥልቀው ተንደረደሩ፤ ቦርሳው ግን እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቃል።

«አጠብኩትና ቫዝሊን ቀባሁት» አሉ እትዬ አስካለ፣ ምስጋና እየጠበቁ። «የእንግዳ ዕቃ ከነጭቃው ይመለሳል እንዴ?»

ጋሽ ተሰማ ራሳቸውን ያዙ። «አስካልዬ፣ ጨረስሽኝ!»

መኮንኑ ቦርሳውን ከፈተ። ፓስፖርቱ አለ፣ ወረቀቶቹ አሉ፤ ካሜራው የለም። በካሜራው ቦታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ተቀምጧል።

«ባዶውን ልመልስለት?» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ዓይኔን አይተው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የጎረቤት ሳህን እንኳ ባዶውን አይመለስም። ይህን ለመኮንኑ ለማስረዳት ከየትኛውም የስምምነት አንቀጽ ይልቅ ተቸገርኩ። ሲገባው ግን እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረና እንዲህ አለ፦ «በዚህ ሥራ ስኖር አሻራዬን ውሰዱልኝ ብሎ የለመነኝ ሌባ አላየሁም። እኚህን ሰው ለቀቅ አድርጋቸው።» እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተረጎምኩት ቃል የለም። ዳቦውን ጋሽ ተሰማ ቀለም በለቀለቃቸው ጣቶቻቸው ቆረሱት፤ የሁለት አገር ፖሊሶችም ተባብረው በሉት። ሌባውን ግን ማንም አላገኘውም።

እንግዳው ሊሄድ ሲል የእትዬ አስካለን ጨርቅ እንዳደርስላቸው አደራ ሰጠኝ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፤ ባዶውንም አልነበረም። ውስጡ አንድ ጥንድ የመርማሪ ጓንት ነበር፣ ለሌላ ጊዜ ዕቃ ሲያገኙ እንዲያጠልቁት።

መልእክቱን በደንብ ተርጉሜላቸዋለሁ። እትዬ አስካለም ጓንቱን በጣም ወደዱት፤ በርበሬ ሲቀነጥሱ እጃቸውን አያቃጥላቸውም።