ጋሼ ለጊዜው እጃቸውን ሲሰበስቡ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ለጊዜው» አለ። የለንም የሚል መሥሪያ ቤት ካለ፣ ሰውዬው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አንድ ነገር እየጠገነ ስለሆነ ነው ያልታየው። የላላውን የበር እጀታ በሽቦ ይጠፍርና «ለጊዜው ይያዝ» ብሎ ይሄዳል። በሩን የገጠመው አናጢ ጡረታ ይወጣል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቀያየራል፣ የግድግዳው ቀለም ሁለት ሦስቴ ይታደሳል፤ ሽቦው ግን እዚያው በሥራ ገበታው ላይ ነው።

ክቡር ጋሼ ለጊዜው የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ለክሊኒኮች የሕክምና ቀጠሮ የሚያስይዝ አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ሲጠግኑ ፀጉራቸው ሸብቷል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። በእሳቸው ግዛት፣ ማለትም የድርጅቱን መረጃ የሚይዙት ትልልቅ ኮምፒውተሮች በተደረደሩበት የሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ ማራገቢያው በጫማ ማሰሪያ ታስሮ ይዞራል። አንደኛው ሰርቨር ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በጎኑ ካልተኛ አይነሣም። ሁሉም ግን ይሠራል። የሚያናድደውም መሥራቱ ነው።

የምትናደደው ማን ናት ቢሉ፣ መምህርቷ። ድርጅቱ እነዚያን ሰርቨሮች አሰናብቶ ወደ ክላውድ ሊገባ ሲወስን ሠራተኞቹን እንድታስተምር የቀጠራት ወጣት ባለሙያ ናት፤ ሥርዓት ወዳድ፣ እርሳሶቿን እንኳ በቁመታቸው የምትደረድር። በመጀመሪያው ቀን ነገሩን አቅልላ አስረዳች። ከእንግዲህ ማሽኖቹ እዚህ አይኖሩም፤ ሌላ አገር የተቀመጡ፣ በኪራይ የምንጠቀምባቸው ናቸው። የምንፈልገውን ሁሉ፣ ስንት ኮምፒውተር እንደሚያስፈልገን፣ መረጃ የሚያስገባው የትኛው በር እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚዘጋ፣ በኮድ እንጽፋለን። አንድ ፕሮግራም ጽሑፉን አንብቦ የተባለውን እንደ ድንኳን ተክሎ ያቆማል። ቢፈርስም ከጽሑፉ ተነሥቶ እንደገና ይሠራዋል።

ጋሼ ለጊዜው አገጫቸውን ደገፍ አድርገው ሰሙና፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህርቷ ጥርሷን ነክሳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ከዚያ ዋናውን ሕግ ተናገረች። ማንም ሰው የክላውዱን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍቶ ምንም ነገር በእጁ አይነካም፤ መለወጥ የፈለገ ጽሑፉን ይለውጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብላ አሳረገች። ጋሼ ከልባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው የማይስማሙበት ሕግ የለም፤ ችግሩ ከእጃቸው ጋር ነው።

ብዙም አልቆየም። የአንድ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ደውላ ቀጠሮ መመዝገብ አቃተኝ አለች። ጋሼ መቆጣጠሪያ ገጹን ከፈት አድርገው፣ ጠቅ ጠቅ፣ የተዘጋውን በር ከፈቱና «ለጊዜው ከፍቼልሻለሁ» አሏት። ከምሳ በኋላ መምህርቷ እንደ ልማዷ ፕሮግራሙን አስኬደች። ፕሮግራሙ ጽሑፉን አየ፤ ጽሑፉ ዝግ ይላል፤ ዘጋው። እንግዳ ተቀባይዋ ደወለች። ጋሼ ከፈቱ። በማግስቱ ተዘጋ። ከፈቱ። ተዘጋ።

ክቡርነታቸው ሰው ተደብቆ በሩን እንደሚዘጋባቸው ጠረጠሩ። መጀመሪያ ያሰቡት መብራት ኃይልን ነው፤ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁን፤ በመጨረሻ ምቀኛን። አንድ ቀን ምሳቸውን ትተው ስክሪኑን ሲጠብቁ፣ በሩ ዓይናቸው እያየ ጥርቅም አለ። እንደተመታ ልጅ እጃቸውን ሰበሰቡ።

መምህርቷ የነገሩን ምንጭ ስትደርስበት ደሟ ፈላ። ለካስ ያን ሁሉ ቀን ሳታውቅ ስትታገል የከረመችው ከጋሼ ጋር ነበር። በሩን የሚዘጋው ሰው እንዳልሆነ፣ ፕሮግራሙ የሚያምነው ጽሑፉን ብቻ እንደሆነ፣ በሩ ክፍት እንዲሆን ከፈለጉ ክፍት ብለው መጻፍ እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ጋሼ ክፉኛ ተቀየሙ። የሰው ልጅ በገዛ እጁ የሠራውን የማያከብር ማሽን አይተው አያውቁም። ለቀናት ያህል ከኮምፒውተሩ ጋር ተኳርፈው ዋሉ።

ኩርፊያው ያበቃው በአንድ ትንሽ ተአምር ነው። ለመለማመጃ አንድ አዲስ ኮምፒውተር ብቻ ክላውዱ ላይ እንዲቆም ጻፉ፤ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዷን ፊደል ፈልገው እየለቀሙ። ቆመላቸው። ሳያስቡት ፕሮግራሙን ደግመው አስኬዱትና ሁለት ኮምፒውተር ሊቆም ነው ብለው ላብ አጠመቃቸው። ፕሮግራሙ ግን የተባለው አንድ፣ ያለውም አንድ፣ የምለውጠው የለም ብሎ ተወው። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ስክሪኑን በአድናቆት አዩት። ቤታቸው ያሉት ልጆች ሦስቴ ተነግሯቸው አንዴ አይሰሙ፤ ይሄ ሁለቴ ተነግሮት አንዱን ብቻ የሚሠራ ጨዋ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም ይሉት ጀመር።

አዲስ ነገር የተማረ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ ፍዳውን ያያል። ባለቤታቸው የኩሽናውን ቧንቧ እንዲጠግኑ ሲጠይቋቸው፣ መጀመሪያ የምትፈልጊው ነገር በጽሑፍ ይቅረብ አሉ። እትዬም አላንገራገሩም፤ «ቧንቧው አይንጠብጠብ፤ አንተም አትጠበብ» ብለው ጽፈው በማግኔት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉላቸው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ውሳኔውን አሳወቀ። በሥልጠናው ማብቂያ ፈተና አለ፤ በዚያ ቀን ክላውድ ላይ ያለው በሙሉ ፈርሶ ከጽሑፉ ብቻ እንደገና ይቆማል፤ የማንም እጅ ሳይነካው ከቆመ የጋሼ ክፍል እንዳለ ይቀጥላል። እጅ ከገባበት ግን ጋሼ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። ሽቦና ጫማ ማሰሪያ ሰልችቶኛል አለ።

እውነቱን ለመናገር መምህርቷ ያን ሰሞን እፎይ ብላለች። ለእጃቸው ከግምጃ ቤቱ ምን ይሻላል? መዶሻው እዚያ፣ ሽቦው እዚያ። ግን ሰው ሲለመድ መጥፎ ነው። ጠዋት ስትገባ ጋሼ ቀድመዋት መስኮቱን ከፍተው፣ ትናንት የጻፉትን ይዘው ይጠብቋታል። አንዲት ቅንፍ ሳይዘጉ ቀርተው ፕሮግራሙ ሲቆጣቸው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ይቅርታ ይጠይቁታል። ስታማቸው ትውል የነበረችው ልጅ፣ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ሄደው ሲቀሩባት ከሰዓቱን ሁሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። በሮቹን የሚመለከተውን የጽሑፉን ክፍል ለብቻቸው እንዲጽፉት የሰጠቻቸውም በማግስቱ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ መሐል ቆመ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ከክሊኒኳ በስልክ ተጠባበቀች። መምህርቷ ማፍረሻውን ትእዛዝ ሰጠች። የለፉበት ሁሉ ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ሲጠፋ ጋሼ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ መልሶ የማቆሚያው ትእዛዝ ተሰጠ። ኮምፒውተሮቹ ተመልሰው ቆሙ። መረጃ ማከማቻው ቆመ። ፕሮግራሙ ጨረስኩ አለ።

የቀጠሮው ገጽ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ።

እንግዳ ተቀባይዋ በስልክ፣ አልገባልኝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ አሁንም አልገባልኝም አለች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፤ የኪስ ስልኩ ሲጠራ ወደ መስኮቱ ዞሮ ማውራት ጀመረ። መምህርቷ ወደ ጋሼ ዞር አለች። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው፣ ስክሪኑን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። አንጀቷን በሉት። እኚህን ሰው ሳጥን ሊያስቆጥሯቸው? በዚህ ዕድሜያቸው፣ ይሄን ሁሉ ተምረው?

እንዴት እንደሆነ ለራሷም አልገባትም፤ መቆጣጠሪያ ገጹን ከፍታው ነበር። አንዲት ጠቅታ ናት። ማን ያያል? እጇ ማውሱ ላይ አረፈ።

«ለጊዜው» አለች ለራሷ በሹክሹክታ።

ሰፊ፣ ሻካራ መዳፍ እጇ ላይ አረፈና ያዛት።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ጽፌዋለሁ እኮ።»

ያን እጅ ሽቦ ሲጠመዝዝ እንጂ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይታው አታውቅም። ወደ ዓይናቸው ቀና ብላ አየችና ጣቷን ከማውሱ ቁልፍ ላይ አነሣች። ሁለቱም ነጩን ገጽ እያዩ ተቀመጡ።

ጋሼ የጻፉት በር ለመከፈት ጊዜ ወስዶበት ነበር እንጂ አልተሳሳተም፤ ከስልኩ ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ ስትስቅ ተሰማ። ገባሁ፣ ገባሁ እያለች ነው፤ የመጀመሪያዋን ታካሚ ስም መመዝገብ ጀምራለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው አጠለቁ፤ የደስታ እንባቸው ግን ከባርኔጣው በታች ቀድሟቸው ወርዷል።

ሥራ አስኪያጁ ከመስኮቱ ተመለሰና የበራውን ስክሪን አየ፤ ከዚያ በጥርጣሬ የጋሼን ፊት።

«ማን ነካው?» አለ።

«ማንም» አለች መምህርቷ፤ እጇ ገና ከመዳፋቸው ሥር ነበር።