ክቡር ተመልካች ፎቶዎን አይተውታል

የፎቶ ግሩፕ ባለበት ሁሉ እሳቸው አሉ። ግሩፑ በተከፈተ ማግስት ይገባሉ። የራሳቸውን ፎቶ አንድም ቀን አይለጥፉም፤ የሰው ፎቶ ግን ሳይነቅፉ አያልፉም። መልካቸው አይታወቅም፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እርስዎም ያውቋቸዋል። አላውቃቸውም ካሉ፣ እስካሁን ፎቶ ለጥፈው አያውቁም ማለት ነው።

አንዲት ፋርማሲስት በገባችበት ግሩፕ ውስጥ እኚህ ሰው ራሳቸውን "ተመልካች" ብለው ሰይመዋል። የሰው ፊት መታየት በሚገባው ቦታ ላይ ያስቀመጡት የባዶ ግድግዳ ፎቶ ነው። "ክቡር" የሚለውን ማዕረግ የጨመረላቸው ግሩፑ ነው፤ ከአክብሮት ይልቅ ከፍርሃት የመጣ ማዕረግ ነበር።

ከሳቸው በቀር ግሩፑ የፍቅር አገር ነበር። አንዱ የጫማውን ፎቶ ቢለጥፍ "ዋው!" ይባላል። ሌላዋ ጭጋግ ይሁን ጭስ የማይለይ ነገር ብትለጥፍ "እጅሽ ይባረክ!" ትባላለች። ዛሬ ዋው ያልከው ሰው ነገ ዋው ይልሃል፤ ፎቶውን ማየት ግዴታ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ማር መሐል ነው እንግዲህ ክቡር ተመልካች ኮምጣጤያቸውን ይዘው ብቅ የሚሉት።

የሠርግ ፎቶ አንሺው አንድ ቀን ሁለት ሙሽሮች ለጠፈ። ዋው ዘነበለት። ክቡርነታቸው ግን እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ "ሙሽራው ሙሽሪትን ያያል። ሙሽሪትም ሙሽራውን ታያለች። እርስዎ ያዩት ግን አበባውን ነው፤ ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ብቻ ነውና። ለመሆኑ ሠርጉ የማን ነበር?" ሰውዬው ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ድምፁ አልተሰማም።

የባንክ ሠራተኛው ስትጠልቅ ያነሳትን ፀሐይ ሲለጥፍ ደግሞ "ፀሐይ ትናንትም ጠልቃለች፤ ነገም ትጠልቃለች። ዛሬ ምን የተለየ ነገር አይተውባት ነው?" አሉት። ምስኪኑ ከዚያ ወዲህ ወደ ምዕራብ ማየት ትቷል ይባላል።

ሰው ሁሉ "ጉድ!" ያለው ግን በአዲሱ አባት ጊዜ ነው። የበኩር ልጁ በተወለደ ማግስት፣ እንቅልፍ ባላየ ዓይኑ አነጣጥሮ አንስቶ ለጠፈው። ክቡር ተመልካችም ጻፉ፦ "እንኳን ደስ ያለዎት። ሕፃኑ ጤነኛ ነው። ፎቶው ግን ታሟል።" ግሩፑ በሙሉ ክው አለ። ሰው በአራስ ልጅ ላይ እንዲህ ይጨክናል? እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያችኑ የተለመደች ጥያቄያቸውን ከሥር አከሉባት፦ "ከማንሳትዎ በፊት አይተውት ነበር?"

ፋርማሲስቷም ከዱላቸው አላመለጠችም። ቀኑን ሙሉ "ከምግብ በኋላ ይዋጥ" ስትል ትውላለች፤ ለነፍሷ ያላት ነገር ያቺ ካሜራዋ ብቻ ናት። በዝናብ የራሰውን የፋርማሲውን መስታወት ለጠፈች፤ "ቸኩለዋል" ተባለች። የጎረቤቷን ድመት ለጠፈች፤ "ድመቷ ሰልችቷታል፤ እኔም" ተባለች። የልፋቷን ዋጋ እያሰበች ካሜራዋን ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈችባቸው ቀናት ነበሩ።

የሚያጽናኗት አማቷ ናቸው። ማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ስለ አማት ክፋት የሚወራው ወሬ እሳቸው ጋ አልደረሰም። ሾርባ ስታቀርብላቸው "ጣት ያስቆረጥማል፣ ልጄ" ይላሉ። መጋረጃ ስትቀይር "እንዴት ያምራል፣ ልጄ" ይላሉ። ፎቶ ስታሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ልክ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ቀስ ብለው ካዩ በኋላ "ጥሩ ነው፣ ልጄ" ይላሉ። ጓደኞቿ አማቶቻቸውን ማማት ሲጀምሩ እሷ የምትለው ታጣለች።

ስለ ክቡር ተመልካችም ነግራቸዋለች። "እማማ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ሚስቱ ጥላው የሄደች መሆን አለበት! ደህና ሰው እንዲህ አይናገርም።"

"ልቦና ይስጠው፣ ልጄ" አሉ አማቷ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

ነገሩ የፈነዳው አንድ እሁድ ነው። ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አየች። ወዲያው የተዝረከረከውን ሰበሰበች፤ ስኒዎቹን ደረደረች፤ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ያለውን ቀይ ባልዲ ጓሮ አወጣችው። ከዚያ ትንፋሿን ውጣ አነሳች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም። ለጠፈችው፤ ዋው ዘነበ፤ እሷም ቀና ብላ መተንፈስ ጀመረች።

ክቡር ተመልካች መጡ። "ንጹሕ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ይመስላል። የሚኖርበት ሰው ግን የለም።"

የፋርማሲስቷ ደም ፈላ። "እርስዎን ምን ያስደስትዎታል? ቤት ውስጥ አብረውዎት የሚኖሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል!" ብላ ጻፈች። በዚህም አልበረደላትም፤ ለአድሚኑ "ወይ እሳቸው ይውጡ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ" አለችው። አድሚኑ ጨነቀውና ድምፅ ይሰጥ አለ። የባንክ ሠራተኛው ቀድሞ "ይውጡ" አለ። አዲሱ አባት ተከተለው። ድምፁ ያለቀለት ይመስል ነበር።

በዚህ መሐል ክቡርነታቸው አንድ መልእክት ላኩ። "ውጡ ካላችሁኝ እወጣለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ቀዩን ባልዲ ባያነሱት ይሻል ነበር። ውኃው ላይ ብርሃን ወድቆ ነበር፤ በየጠብታው ይንቀጠቀጥ ነበር። የቤቱ ሕይወት እሱ ነበር።"

"የምን ባልዲ?" አለ አድሚኑ።

"ባልዲ የለም እኮ! ለየላቸው!" አለ የባንክ ሠራተኛው።

ፋርማሲስቷ ግን ፎቶዋን ደግማ ከፍታ አየች። ባልዲው ፎቶው ውስጥ የለም፤ ከማንሳቷ በፊት አውጥታዋለች። ባሏ ጠጉሩን ሊስተካከል በጠዋት ወጥቷል። ታዲያ ባልዲውን ማን አየው? ወጥ ቤቱ ጥግ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ የነበሩት፣ ፎቶውንም ከሰው ሁሉ ቀድመው አይተው "ጥሩ ነው፣ ልጄ" ያሏት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

ተነስታ የአማቷን ክፍል በር ገፋ አደረገች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ፣ ልጃቸው የሰጣቸው አሮጌ ስልክ እጃቸው ላይ ነው።

"እማማ... ተመልካች እርስዎ ነዎት?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሊያባርሩኝ ነው መሰለኝ" አሉ።

ሳቅም እንባም እኩል መጣባት። "ጎኔ ተቀምጠው 'ጥሩ ነው' ይሉኛል፣ እዚያ ሄደው ያርዱኛል? ለምን እዚሁ አይነግሩኝም?"

"በሰው ቤት ተቀምጬ ምን ብዬ?"

"እንዴ፣ የሰው ቤት? የልጅዎ ቤት አይደለም እንዴ?"

"ቤቱስ የልጄ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ያንቺ ነው።" ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጡ። "ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት ስለቅም ነው የኖርኩት። እዚህ ስመጣ፣ ሽማግሌ ነገር ካበዛ ይጠላል ብዬ አፌን ዘጋሁ። ዓይኔን መዝጋት ግን አቃተኝ። እዚያ የማን አማት እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም፤ ያየሁትን እናገራለሁ።"

"አብረውዎት የሚኖሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል" ብላ የጻፈችው ገና እዚያው ግሩፑ ላይ ተለጥፎ ነበር። አፈረች፤ በጣም አፈረች። ቆይታ ደግሞ ሌላ ነገር ገባት። ያ ሁሉ ሰው ዋው ሲላት፣ የባልዲውን ጠብታ ሳይቀር ያዩላት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው። ስልኳን አውጥታ "አቤቱታዬን አንስቻለሁ" ብላ ጻፈች። ግሩፑ ተንጫጫ፤ አድሚኑ ምክንያቷን ጠየቃት። "ዘመድ ሆነን ተገኘን" አለችው።

ከዚያ ወደ አማቷ ዞራ፣ ቆም ብላ ማሰብ ሲገባት ሳታስብ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ፊት ለፊት ይንገሩኝ" አለቻቸው።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"ፎቶውን ብቻ ነው ወይስ ሌላውንም?"

"ሁሉንም!"

አማቷ ተነሱ። እንዲህ ቀልጠፍ ብለው ሲነሱ አይታ አታውቅም። "ያ መጋረጃ ከተሰቀለ ጀምሮ ውስጡ ወደ ውጭ ነው።" ወደ ሳሎን አለፉ። "ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባልሽም ዘወትር የሚያረፍደው ለዚህ ነው። ሾርባሽ ጨው የለውም።"

"ጣት ያስቆረጥማል ይሉኝ አልነበረም እንዴ?"

"እንዳይከፋሽ ነዋ! ክፍልሽ ስትገቢ ነው የምጨምርበት!"

ያን ሁሉ ጊዜ! ቀጥሎ ግን ፋርማሲስቷም የታመቀባት ገንፍሎ ወጣ። "እርስዎስ! መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ውጭ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ይረሳሉ! ሬዲዮኑንም ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሰማው!"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ነበር?"

"አማት አይደሉ! ምን ብዬ ነው የምነግርዎት?"

ባሏ ጠጉሩን ተስተካክሎ ሲመለስ ጩኸቱ ደረጃው ላይ ድረስ ተቀበለው። ሮጦ ገባ። እናቱ እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቶ አያውቅም፤ አሁን እጃቸውን እያወራጩ ሚስቱ ፊት ቆመዋል፤ ሚስቱም ወገቧን ይዛ ትመልሳለች። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

"ምን ጉድ ነው? ተጣላችሁ እንዴ?"

"ኧረ አልተጣላንም" አለችው ሚስቱ ዓይኗን ከአማቷ ላይ ሳትነቅል። "ገና መተዋወቃችን ነው።"