የሸምሱ ላምና የሕግ ፈተናው

ልጅ የሚያስተምር አባት ሁለት ስጋት አለበት። አንደኛው ልጁ ሳይማር እንዳይቀር ነው። ሁለተኛውን ማንም አይነግራችሁም፦ ልጁ የእውነት የተማረ እንደሆነ ትምህርቱን መጀመሪያ የሚሞክረው በማን ላይ ነው? በአባቱ ላይ ነዋ።

እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ቡታጅራ አጠገብ በርበሬና እንሰት አመርታለሁ፤ ወሬ አላበዛም። ልጄ ሰሚራ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስትዘጋጅ ሎጂክ የሚሉት ክፍል አስጨነቃት። (አሁን ወልቂጤ ሄዳ ተፈትና መጥታለች፤ ውጤቱ ገና ነው።) ፎቶ ኮፒ ያስነሳችውን መጽሐፍ ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ ጥያቄውን አንብብልኝ፤ አንተ ቀስ ብለህ ስለምታነብ ምንም አያመልጠኝም» አለችኝ። ቀስ ብዬ የማነበው ፈጥኜ ማንበብ ስለማልችል ነው። እሷ እንደ ችሎታ ቆጠረችልኝ፤ እኔም አላረምኳትም።

መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ «ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይጨቀያል። መንገዱ ጨቅይቷል። ስለዚህ ዝናብ ዘንቧል።» ሰሚራ «ትክክል» አለች። «አይደለም» አልኩ። የመስኖ ቦይ የፈረሰ እንደሆነስ? የመልሱን ገጽ ገለጥን፤ ልክ ነበርኩ። ደስ አለኝ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም።

ይህን ያወቅኩት በሽምግልና ነው። እኛ ዘንድ ከፍርድ በፊት አንዱ ሽማግሌ የከሳሹን ቃል እንዳለ መልሶ ይናገራል። አንዲት ነገር ከጨመረ «እሱን አላልኩም» ተብሎ ይቆማል። ሰውየው ያየውና የገመተው የሚለየው ያኔ ነው። «አንቺም መጀመሪያ ቃሉን መልሺ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ መሳሳት ቀነሰች። እኔም መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ እየመሰለኝ መጣ።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር።

አንድ ማለዳ ጓሮ ስወጣ ለመድረስ የተቃረቡ ሦስት እንሰቶች ወድቀዋል። እንሰት እንደ ጎመን በወር የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ዓመታት ይጠበቃል። ደሜ ፈላ። የጎረቤቴ የሸምሱ ላም አምና ገመድ በጥሳ ገብታ ነበር። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ወዲያው «ላምህ እንሰቴን ጨርሳለች፤ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ፊት እንገናኝ» ብዬ ላክሁበት። ከሸምሱ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ስንኖር ተካሰን አናውቅም።

ሰሚራ ሰማች። መጽሐፏን አጠፈችና፣ «አባባ፣ ሽማግሌዎቹ ጋ ሳትደርስ ቃልህን ልመልስልህ?» አለች።

«መልሺ።»

«ላሟ ከገባች እንሰት ይጠፋል። እንሰቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ላሟ ገብታለች። የጨመርኩት አለ?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን አገር ሁሉ እንደ ማሰብ ይቆጥርልኛል፤ እሷ ግን እቤቴ ያደገች ናት።

«ና፣ ሄደን እንየው» አለችኝ።

አየነው። ቅጠሉ አንድም አልተነካም፤ የተበላው ሥሩ ነው። ላም ቅጠል ትታ አፈር ቆፍራ ሥር በላች ቢባል እንኳን ሽማግሌ፣ ሕፃንም አያምንም። ከግንዱ አጠገብ ጥቁርና ነጭ እሾህ ወድቋል። ጃርት! እንሰት ውስጥ ያረጀሁት ሰውዬ በንዴት የጃርትን ሥራ ከላም ሥራ መለየት አቃተኝ።

ጁምዓን አልጠበቅኩም። ስሄድ ሸምሱ ደጁ ላይ ነው። ለካሳ የሚሰጠኝን ሦስት የእንሰት ችግኝ ነቅሎ አዘጋጅቷል፤ ላሟንም አፍንጫዋ ግንድ እስኪነካ አሳጥሮ አስሯታል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት። «ላምህ አይደለችም፤ ጃርት ነው። አጥፍቻለሁ፣ አፉ በለኝ።»

ችግኞቹን አየ፤ ላሟን አየ። «ወላሂ፣ ከጧት ጀምሮ እየሰደብኳት ነው እኮ! በዓመት አንዴ የሚናገር ሰው እንዲሁ አይናገርም ብዬ። ለካ ዝም የምትለው ለዚህ ኖሯል!» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ወደ ላሟ ጠቆመኝ። «ያሳሰርካት አንተ፣ የምትፈታትም አንተ።»

ፈታኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ በአጥሩ ክፍተት አልፋ ቀጥታ ጓሮዬ ገባችና አንድ ለምለም የእንሰት ቅጠል ዘነጠለች። አሁን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምስክር አጠገቤ ቆሟል፤ ማስረጃው ከአፏ አልወረደም።

ሽማግሌ ግን አልጠራሁም። ገመዱ እጄ ላይ ነበር።